ከንፈር ብቻ የዘመረበት አድቨንት

ሥራዋ ተኳሽነት ነው። እንዲህ ሲባል የሚሰማ እንግዳ ሰው ደንገጥ ብሎ እጅ እጇን ያያል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ትንሽ ታቆየውና “አንሶላ ነው የምተኩሰው” ትላለች። በትልቁ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ ስትተኩስ ኖራለች። ከፊቷ እንፋሎቱ፣ ከኋላዋ ቀኑን ሙሉ የሚያጓሩት ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖች ናቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በጩኸትና በጥቅሻ ነው።

የካቶሊክ ቁምስናችን ሰው በሌለችበት “ካውያ” ይላታል፤ በፊቷ ግን “እትዬ” ነው የምንላት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። የተጨማደደ ነገር አትወድም። ቃል እያኘከ የሚዘምር፣ የትንፋሽ ቦታ ሳይደርስ የሚተነፍስ፣ ለልምምድ አርፍዶ መጥቶ ሰበብ የሚደረድር ሰው እፊቷ ተዘርግቶ ይተኮሳል። እኔ በሙያዬ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። በመዘምራኑ ውስጥ ግን ወፍራም ድምፅ ካላቸው፣ ከኋላ ከሚቆሙት ወንዶች አንዱ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተተኩሻለሁና የምናገረውን አውቃለሁ።

እሷ የመዝሙራችን አውራጅ ነበረች። በቤተክርስቲያናችን ሰገነት ላይ ቆማ የመጀመሪያውን መስመር ለብቻዋ ታነሳለች፤ መዘምራኑ ይቀበሏታል፤ ከዚያ ታች ያለው ሕዝብ፣ ሦስት መቶ ሰው ያህል፣ ይከተላል። ኪቦርድ አለን። ነገር ግን አድቨንት ሲገባ ሐምራዊ ጨርቅ ትሸፍንበታለች፤ የሚጫወተውም ሰው አራት ሳምንት እረፍት ወጥቶ ከኛ ጋር ይቆማል። በነዚያ ሳምንታት ያለን ነገር እሷ የምታነሳው ድምፅ ብቻ ነው። እሷ በትክክል ካነሳች ሁሉም ይከተላል፤ እሷ ከሳተች ሁላችንም ገደል ነን።

አድቨንት ማለት ለማያውቅ ሰው ከልደት በፊት ያሉት አራት እሑዶች ናቸው። ካህኑ ሐምራዊ ይለብሳል፤ “ክብር ለእግዚአብሔር በሰማያት” የሚለው ዜማ ከቅዳሴው ወጥቶ እስከ ልደት ይቀመጣል፤ በየእሑዱ አንድ ሻማ ይጨመራል። ዘመኑ የመዘጋጃ ነው፤ ውጭ ግን የሚዘጋጅ የለም። ሱቁ ሁሉ ከወር በፊት የልደት መዝሙር ይለቃል፤ የሆቴሉ አሳንሰር እንኳ ይዘምራል። አንድ ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ “ሕዝቡ እንዲነቃቃ የልደቱን መዝሙር ቀደም እናድርገው” ብሎ ነበር። እሷም “ልጁ ሳይወለድ እልል የሚል ማነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብላው አለቀ።

የሷ መንገድ ይህ ነው። ቁምስናችን ማን እንደደረሰው የማይታወቅ አንድ የቆየ የአድቨንት መዝሙር አለው፤ አራት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው በጨለማ ስለተቀመጠ ሰው ይናገራል። ሁለተኛው “ያጣመምከውን አቅና፣ የዘጋኸውን ክፈት” ይላል። ሦስተኛው ደስታ ነው፤ አራተኛው ጌታ በር ላይ መድረሱን ያበስራል። እሷ በመጀመሪያው እሑድ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ታስዘምራለች። በሁለተኛው እሑድ ሁለተኛውን ትጨምራለች፤ እንዲህ እያለ ሻማውም መዝሙሩም አብረው ይሞላሉ። ሦስተኛውን በሁለተኛው ሳምንት ቢለምኗት አትሰጥም።

“ስብከቱን በር ላይ ትረሱታላችሁ፤ አባ አይቀየሙኝ” ትለናለች። “መዝሙር ግን ተከትሏችሁ ቤት ይገባል። ለአንድ ሳምንት አንድ አንቀጽ ይበቃል። አኝኩት።”

እውነቷን ነው። አንድ የምናውቀው የታክሲ ሹፌር፣ ምላሱ ከምላጬ የሚስል ሰው፣ በሁለተኛው ሳምንት መስመሯ አፉ ላይ ተጣብቃ መሳደብ እንዳቃተው ነግሮኛል። ሊሳደብ አፉን ሲከፍት የሚወጣው “ያጣመምከውን አቅና” ሆነበት። በመጨረሻ ከሁለት ዓመት በፊት ከአማቹ ወስዶ ያስቀረውን ትርፍ ጎማ ጭኖ ሄዶ መለሰ። እኔም ራሴ በየዓመቱ ንስሐ የምገባው በዚያው ሳምንት ነው። ስብከት ሰምቼ አይደለም። የሰው ጢም ስላጭ ያቺ መስመር በአፍንጫዬ እያንጎራጎረች ትወጣለች፤ ሦስት ቀን ከታገልኳት በኋላ እሸነፋለሁ።

አሁን ስለ አዋላጇ ልንገራችሁ፤ ያለሷ ታሪኩ አይሄድም። አዋላጇ በጤና ጣቢያው የምትሠራ፣ ከካውያ ጋር እኩያ የሆነች ሴት ናት። ድምፅዋ ለሴት ወፍራም፣ ንግግሯ አጭር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ካውያ መዝሙር ስታነሳ አዋላጇ እጇን አወጣችና “ከፍ አለ። ታች ያለው ሰው አይደርስበትም” አለች። ልምምዱ ቀጥ አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የራሱን እኔ በሙያዬ አረጋግጫለሁ፤ አዋላጇ ግን አፏ አላመለጣትም፤ አስባበት ነው የተናገረችው።

“አንቺ ካልደረስሽበት ሌላው ይደርስበታል” አለች ካውያ። “ደረጃው በዚያ በኩል ነው።”

አዋላጇ ሻርፗን አነሳች፤ ደረጃውን ወረደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር አጠገብ ካለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ያዘች። እኛ ሃያ ሁለት ሰዎች ቆመን አየን፤ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ድምፁ በእውነት ከፍ ብሎ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ትንሽ ብሎ ነበር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች የተነጋገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የካውያ ልጅ በጤና ጣቢያው ስትወልድ አዋላጇ ከክፍሉ ወጥታ “ሦስት ኪሎ ተኩል” አለቻት፤ እሷም “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለች። የስድስት ዓመት ወሬያቸው ይኸው ነው።

ወደ ባለፈው ዓመት ልምጣ። የካውያ ጆሮ መድከም ጀመረ። ይህን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ባሏ ደንበኛዬ ነው። ፀጉሩን ስቆርጠው “እኛ ቤት ራዲዮኑን ከኛ ቀድሞ ጎረቤት ይሰማዋል” ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን አልሳቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን ጋር የቆመ ጆሮ ምን ይሆናል? እሷ ግን አላወቀችም፤ ወይም ማወቅ አልፈለገችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ጆሮዋ በደከመ ቁጥር ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ። ራሷን ለመስማት ከፍ አድርጋ ታነሳለች፤ ሳይሰማት ሲቀር በሚቀጥለው እሑድ ጨመር ታደርጋለች። ከመዘምራኑ ውስጥ ሴቶቹ አንገታቸውን እየሰገጉ፣ ጅማታቸው እየተገተረ ይከተሏታል። እኛ ወንዶቹ ከታች በኩል እንደምንም እንዘልቃለን። ሕዝቡ ግን አልቻለም። አረጋውያን አሉ፣ የደከማቸው ሠራተኞች አሉ፣ ሲጋራ ያነቀው ጉሮሮ አለ፤ መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን ዘመሩ፣ ከዚያ ተዉት።

ቀጥሎ የሆነውን ሌላ ቦታ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አንድ እሑድ ታች ዝም ሲል ካውያ ወደ ሕዝቡ ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት ነበር። ሕዝቡም አንጀቱ አልቻለም። ለሃያ ስድስት ዓመት በልጆቻቸው ሠርግ፣ በወላጆቻቸው ቀብር የዘመረች ሴት ናት። ከፊት ያሉት ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። ድምፅ የለም፤ ከንፈር ብቻ። እሷም ከላይ ሆና አፋቸው ሲንቀሳቀስ ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ቀጠለችም።

ማንም አልመከረበትም፤ ማንም “እንዲህ እናድርግ” አላለም። ሦስት ወር ሙሉ በየእሑዱ ሦስት መቶ ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆመ። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ እንተያያለን፤ ሆድ ይፍጀው ብለን እንለያያለን። አባ ያውቃሉ። “አንድ ሰው ቢነግራት ጥሩ ነበር” አሉኝ አንድ ቀን ፀጉራቸውን ስቆርጥ። “እርስዎ ለምን አይነግሯትም?” ብላቸው፣ “አይ፣ እኔማ የልብሰ ተክህኖውን ጨርቅ የምትተኩስልኝ እሷ ናት” አሉ። ለድመት ቃጭል ማን ይሰርላት? አድቨንት እንዲህ እያለን መጣ።

በመጀመሪያው እሑድ የመጀመሪያው አንቀጽ ተነሳ። ከንፈሮቹ ተንቀሳቀሱ። የታክሲ ሹፌሩ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ “ዘንድሮ ምንም አልተከተለኝም። ባዶዬን ነው ወደ ቤት የምሄደው” አለኝ። እኔም ያው ነኝ። ያልዘመሩት መዝሙር እንዴት ቤት ድረስ ይከተላል?

ሁለተኛው እሑድ መጣ፤ ሁለት ሻማ በራ። ካውያ “ያጣመምከውን አቅና” የሚለውን ጣሪያ ላይ ሰቅላ አነሳችው። ከአጠገቤ የቆመው ሰው ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን በዚያ ቀን ከወትሮው ጠጋ ብላ ቆማ ስለነበር እጇን የሰገነቱ መደገፊያ እንጨት ላይ ጣል አደረገች። የተኳሽ መዳፍ ነው፤ የጋለ ብረት ሳትነካ ሙቀቱን ለይታ የምታውቅበት መዳፍ ነው። ሕዝብ ሲዘምር ያ እንጨት ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ታውቀዋለች፤ እኛ ልብ ብለነው አናውቅም። በዚያ ቀን እንጨቱ ጸጥ ብሏል።

በመስመሩ መካከል አፏን ዘጋች። መዘምራኑ ደንግጠን ሁለት ሦስት ቃል ከገፋን በኋላ አቆምን። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የለም። ታች ግን ሦስት መቶ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

አንድ መስመር ሙሉ እንደዚያ ሄዱ። ከዚያ አንዱ ነቃ፤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሌላው ነቃ። ከፊት ወደ ኋላ ተራ በተራ አፋቸው ሲቆም ከላይ ሆና አየች። አንዲት አሮጊት ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር እስከ አንቀጹ መጨረሻ ድረስ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ “አሜን” ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። ካውያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ የቀረው ቅዳሴ ያለ መዝሙር አለቀ። በጎን በር ወጥታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት የፀጉር ቤቴ በር ተከፈተና ገባች። እኔ ዘንድ ሴት አትመጣም። አንድ ደንበኛ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ውስጥ ሆኖ ተቀምጧል። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተችኝ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችኝ።

“ምኑ፣ እትዬ?”

“አታጭበርብረኝ። ምላጭ የያዘ ሰው አይዋሽም።”

“ሦስት ወር ይሆነዋል።” ስትሰማኝ ቀኝ ጆሮዋን እንደምታስጠጋ አየሁና ጮክ አልኩ። “በጣም ከፍ እያለ ነው የምታነሺው። ሰዉ አልደረሰበትም።”

“ከንፈሩንስ ማን ጀመረው?”

“ማንም። እንዳታዝኚ ብለው ነው።”

“ፈርታችሁ ነው።”

“እሱም አለበት” አልኩ።

ደንበኛዬ አረፋው እየደረቀበት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እሷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። የተናደደች ትመስል ነበር፤ ነገር ግን በእኔ ላይ አይደለም።

“እኔ የኔን ውርደት አይደለም የማስበው” አለች። “እሱን ቤቴ ሄጄ እችለዋለሁ። ሁለት እሑድ ሄደ፤ የቀረን ሁለት ነው። ሰው ሳይዘምር አድቨንት ካለፈ ልደት ላይ እንዴት አድርጎ ይደርሳል? እንደ አሳንሰሩ ተከፍቶ ‘ተወለደ’ ሊል ነው? አዘጋጃለሁ ብዬ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።”

“ሐኪም ቢያይሽስ?”

“ያየኛል። ሐኪሙ ግን እስከ እሑድ ጆሮ አያበቅልልኝም።” ተነሳች። “ከፍ አለ ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችሁ ሁሉ ጨዋ ናችሁ።” ይህን ብላ ወጣች። ስድብ መሆኑ የገባኝ የደንበኛዬን ሁለተኛ ጉንጭ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም አዋላጇም በየበኩላቸው ነግረውኛል፤ በአንዳንድ ነገር አይስማሙም። ካውያ ማክሰኞና ረቡዕ እንደወትሮዋ ሥራ ገባች። አንሶላ ስትዘረጋ መዝሙሩ አፏ ላይ ነው፤ ሁለተኛው አንቀጽ። ሃያ ስድስት ዓመት ለሌላ ሰው ስታነሳው ኖራለች። ለታክሲ ሹፌሩ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለተኮራረፉ ባልና ሚስት። “ሰው ይታጠብበት ብዬ ያወጣሁት ውኃ እኔኑ አጠበኝ” አለችኝ። ያጣመመችው ማንን እንደሆነ፣ የዘጋችውም በር የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባትም። ለመሄድ ነው ሁለት ቀን የፈጀባት።

ሐሙስ ከሥራ ወጥታ ጤና ጣቢያው ሄደች። አዋላጇ ምጥ ላይ ካለች ሴት ጋር ናት፤ ጠብቂ ተባለች። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ክትባት ከሚጠብቁ እናቶች መካከል፣ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አዋላጇ “ሁለት ሰዓት ብትጠብቅ ነው” ትላለች፤ ካውያ አራት ነው ትላለች። ሁለቱንም አምናለሁ፤ ወንበሩን ተቀምጬበት አውቃለሁ። እናቶቹ ሄዱ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ጠርጋ እግሯን እንድታነሳ ጠየቀቻት፤ እሷ አልተነሳችም። በመጨረሻ አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

“ከናንተ ማንን ምጥ ያዛት?” አለች።

“ማንንም። አንቺን ፈልጌ ነው። በቀኝ በኩል ሆነሽ ተናገሪ።”

አዋላጇ በቀኝ በኩል ዞራ ተቀመጠች። “ጆሮሽ እንደሆነ ከበሩ ሆኜ አውቄዋለሁ” አለች። “ስድስት ዓመት ዘግይተሻል።”

“አውቃለሁ። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።”

አዋላጇ ወዲያው “ይቅር ለእግዚአብሔር” አላለችም። እንዲህ ዓይነት ሴት አይደለችም። “ሃያ ሁለት ሰው ፊት ነው ያስወጣሽኝ” አለች። “እዚህ ኮሪደር ላይ ይቅርታ ብትይኝ ማን ሰማሽ?”

“ቅዳሜ ልምምድ ላይ እለዋለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ አንቺ ታነሻለሽ።”

አዋላጇ ይህን አልጠበቀችም ነበር። ጓንቱን አጣጠፈች፤ ፈታች፤ እንደገና አጣጠፈች። “የኔ ድምፅ እኮ አያምርም” አለች። “ወፍራም ነው። ሰው ይስቅብኛል።”

“ለማማር አይደለም” አለቻት ካውያ። “ሰው እንዲደርስበት ነው።”

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሁላችንም ቀደም ብለን መጣን፤ እኔ እንኳ። ካውያ ደረጃውን ስትወጣ አዋላጇ ከኋላዋ ነበረች። ካውያ አልተንደረደረችም። የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ ፊታችን ቆመች። “ከስድስት ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ ይቺ ሴት እውነቱን ነገረችኝና አባረርኳት። እናንተም አያችሁ። ተሳስቼ ነበር። እኔን ስለፈራችሁ እናንተም ስትዋሹኝ ከረማችሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግማሹን ግን እናንተ ውሰዱ። አሁን ጆሮዬ ሄዷል። ከነገ ጀምሮ የምታነሳው እሷ ናት” አለች። የመዝሙር ደብተሩን ለአዋላጇ ሰጠቻት። አዋላጇ ተቀበለችና ያኔ ነው “ይቅር ለእግዚአብሔር” ያለችው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እንደዚያ ያፈርኩበትና እንደዚያ ቀለል ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛው እሑድ ገባ። ሦስተኛው ሻማ ሮዝ ነው፤ የደስታ እሑድ ነው። ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታች፣ ከሕዝቡ ጋር፣ ከፊት መደዳ ላይ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ሕዝቡ ሰምቷል፤ በእኛ ሰፈር የቅዳሜ ወሬ እሑድ ድረስ አይቆይም።

አዋላጇ አነሳች። ዝቅ ያለ፣ የረጋ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ የሚናገር ሰው ድምፅ። ማንም አልሳቀም። እኛ ተቀበልን፤ ሴቶቹ ጉሮሯቸውን ሳይገትሩ በቀላሉ ገቡ። ሕዝቡን ጠበቅን። ቁልቁል ወደ አግዳሚዎቹ አየሁ፤ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

አለመድረስ አልነበረም፤ ሕፃን ይደርስበት ነበር። ነገሩ የገባኝ ፊታቸውን ሳይ ነው። ሁሉም የሚያዩት ካውያን ነው። እሷ በወረደችበት በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብለው ቢዘምሩ በመውረዷ የተደሰቱ ይመስልባቸዋል። እንደገና እንዳታዝን ብለው ነው። በፍቅር የጀመሩትን ውሸት በፍቅር ሊጨርሱት ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲሁ አለፈ፤ አዋላጇ ወደ እኔ ዞር ብላ በዓይኗ “ምን ላድርግ?” አለች። እኔ ምን አውቃለሁ?

ካውያ አይሰማትም። ግን ሦስት ወር የተታለለ ሰው ከንፈርን አለማመን ይማራል። ዞር ብላ የሕዝቡን ፊት አየች፤ ሲጠብቋት አየች። ከዚያ ተነሳች። ጀርባዋን ለመሠዊያው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ ቆመች። ይህን ማንም ምእመን አድርጎት አያውቅም። ባሏ ቀሚሷን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ አልደረሰባትም።

ሁለተኛው አንቀጽ ሲነሳ አፏን ከፍታ ዘመረች። ከአዋላጇ ድምፅ ጋር አልገጠመም፤ በጣም ከፍ ብሏል፤ መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ጭረት ያላሳለፈች ሴት፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ እንደተቀደደ ጨርቅ ዘመረች። እኔ ከላይ ሆኜ አፈርኩላት፤ ከዚያ በማፈሬ አፈርኩ። እንደማይገጥም ታውቃለች፤ ሰኞ ዕለት እኔው ነኝ የነገርኳት። እያወቀች አላቆመችም። እጇን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ፣ ሰው ወደ ገበታ እንደሚጠራ፣ ኑ ኑ ትላቸው ነበር።

መጀመሪያ የገቡት ያቺ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ አሮጊት ናቸው። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ግን ድምፅ ነው። ቀጥሎ የታክሲ ሹፌሩ በጎርናና ጉሮሮው ገባ። እሷን ብቻዋን ትተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም፤ እንደዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ ከሚዘምር ሰው ፊት ደግሞ የራሱን ድምፅ የሚፈራ ማን ነው? መደዳው መደዳውን እየቀሰቀሰ ወደ ኋላ ሄደ። “የዘጋኸውን ክፈት” የሚለው ላይ ሲደርሱ ሦስት ወር የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ወፍራም ድምፅ እንደማይወጣ ያን ቀን ተማርኩ።

ሦስተኛውን አንቀጽ ሕዝቡ ከአዋላጇ አፍ ነጥቆ ነው የጀመረው። እኔ ግን መዘመሬን ትቼ በመደገፊያው ላይ ጎንበስ አልኩ፤ ካውያን ልሰማት ፈልጌ ነበር። እዚያው ቆማለች፤ ፊቷን ወደ እነሱ እንዳዞረች ነው፤ አፏ እንደተከፈተ፣ ከንፈሯ ቃሉን አንድ በአንድ ሲያወጣ ይታየኛል። ድምፅዋን ግን ከሦስት መቶው ሰው ድምፅ ለይቼ ማግኘት አልቻልኩም።